ሴማፎር የሌለው ሰላምታ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ «ሲ» የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሳስተምር፣ እንግዶችን በስክሪን የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። አንዱ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ሌላው «መልካም ቆይታ» እያለ ፊደል በፊደል ይጽፋል። ተራ የሚያስጠብቃቸውን ሴማፎር ሳላስገባ ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች ቀድመው ደረሱ። ስክሪኑ ላይም «እመንልኳካንም ደቆህይናታ» ብሎ የሚጀምር ጉድ ወጣ።

የእንግዶቹ መሪ ቀስ ብለው አነበቡት።

«በአካባቢው ቋንቋ መጻፋችሁ ያስመሰግናችኋል» አሉ። አፏን በአካባቢው ቋንቋ በቤንችኛ የፈታችው ባልደረባዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቋት።

«እንኳን ደህና መጡ ማለት ነው» አለች። አልዋሸችም።

እንደሄዱ ሴማፎሩን አስገባሁ፤ ሁለቱ ሰላምታዎች ተራ በተራ፣ ጥርት ብለው ወጡ። በሚቀጥለው ጉብኝት ግን ሰውየው ስክሪኑን አይተው ቅር አላቸው።

«የአካባቢውን ቋንቋ ምነው አጠፋችሁት?»

ስለ ሴማፎር ላስረዳ አፌን ስከፍት ባልደረባዬ ቀደመችኝ።

«ስህተት ነው፤ አሁኑኑ እናስተካክለዋለን» አለቻቸውና ወደ እኔ ዞረች። «ሴማፎሩን አውጣው!»

አወጣሁት፤ የተደባለቀው ጽሑፍ ተመለሰ። ሰውየው አጨበጨቡ። ተማሪዎቼን ሴማፎር ማስገባት ማስተማሬን አላቋረጥኩም፤ እንግዳ ሲመጣ ግን የማስኬደው የተበላሸውን ነው።