ቧንቧው ሲንኳኳ

አክስቴ ዕድሜዋን የፈጀችው የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ነው። ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ እኔ ከበላዩ ካውያ ክፍል እሠራለሁ። አንሶላ እንዳይሰረቅ ተብሎ የሁለቱም ክፍል በር ከውጭ ይቆለፍ ነበር። ቁልፉን የሚይዘውን አለቃ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ "ቅዱስ ጴጥሮስ" እንለው ነበር፤ ይቆልፋል እንጂ አይከፍትም።

አንድ ቀን ከአክስቴ ጎን የምትሠራ ሴት እንፋሎቱ አፍኗት ወደቀች። አክስቴ በሩን በጡጫ ደበደበች፤ ማሽኖቹ እያጓሩ ማን ይስማት? ሲከፈት ሴትዮዋ ነፍሷ ወጥታ ነበር።

ከቀብሩ ማግስት የእንፋሎቱ ቧንቧ መንኳኳት ጀመረ። ይህ ቧንቧ ከመንገዱ ማዶ ካለው ልብስ ስፌት ቤት መጥቶ በሁለቱ ክፍሎቻችን ግድግዳ ያልፋል። ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዝም። ካውያ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ደረቅን። አንዷ፣ ሟቿ ክፈቱልኝ እያለች ነው አለች። እኔ አባታችን ሆይን ስደግም ከመሃል ጠፋብኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ለአክስቴ ነገርኳት። የተቧጨረ ቀለበቷን አሳየችኝ።

"እኔ ነኝ። አለሁ ማለቴ ነው። እናንተስ ብትመልሱ ምን ነበረበት? እጃችሁን ካውያ በላው?"

ከዚያ ወዲህ መመለስ ለመድን። ከሥራ ስንወጣም ተመካከርን፤ ሳያቋርጥ ከተንኳኳ፣ ሁሉም ማሽኑን ያጥፋ ተባለ።

አንድ ረፋድ ነፍሰ ጡር ጓደኛችንን ከካውያው ፊት ምጥ ጣላት። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቧንቧውን በመቀስ ቀጠቀጥኩት። ከታች ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ቀን ላይ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምተን አናውቅም፤ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ቅዱስ ጴጥሮስ እየሮጠ የማጠቢያውን በር ከፍቶ "ማን ሞተ?" አለ። አክስቴ ደፉ ላይ ቆመች።

"እስካሁን ማንም። ቁልፉን ስጠኝ፣ ልጄ።"

ከቀበቶው ፈትቶ ሰጣት። ወጥታ የእኛን ከፈተች። ጓደኛችንን ተሸክመን ወደ ማዋለጃው አደረስን፤ ተመስገን፣ በሰላም ተገላገለች።

ግቢው ውስጥ ተሰብስበን የምሥራቹን ስንቀባበል ነበር የሰማነው። ኳ፣ ኳ። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ ሁላችንም ውጭ ነን። ቅዱስ ጴጥሮስ አማተበ። አክስቴ ቧንቧው ከግድግዳው ወጥቶ መሬት የሚገባበት ቦታ ተንበርክካ ጆሮዋን ለጠፈችበት።

"ሟቿ ናት?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አይደለችም። ከማዶ ነው። የእኛን ሲሰሙ ከርመዋል ማለት ነው፤ እነሱም ተቆልፎባቸዋል።"

በቀለበቷ መለሰችላቸው። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣችና መንገዱን ተሻገረች። እኛም ተከተልናት።