«አንድም ጥሪ አላመለጠኝም»

ወሬው ሲደርሳት ልብስ ሰፊዋ የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር። ጎረቤቷ ክር ሻጯ ሳታንኳኳ ገባች። አንድ እግሯ ላይ የቤት፣ አንድ እግሯ ላይ የውጭ ጫማ አድርጋለች።

«ስልክሽን ምነው አታነሺም?»

«የቱን ስልክ? አልጮኸም እኮ።»

«ከጠዋት ጀምሮ አገር ምድሩ ይደውልልሻል። እኔ ራሴ አራት ጊዜ ደወልኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ስልኳን አየችው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከተቀደዱ የጨርቅ ቁራጮች መሀል ዝም ብሎ ተኝቷል። ክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ነው። ካውያው ሲሰካ ስልኩ ይነቀላል፤ ስልኩ ሲሰካ ካውያው ይቀዘቅዛል።

«ወንድምሽን ትንሽ አሞታል» አለች ክር ሻጯ።

ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ሰውን ትንሽ ሲያመው ጎረቤት ጫማ አቀያይጦ አይመጣም።

«የት ነው ያለው?»

«ሆስፒታል ወስደውታል።»

«ማን ወሰደው?»

«የሱቅ ባልንጀራው።»

«በሕይወት አለ?»

ክር ሻጯ ሄዳ የካውያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

ሟቹ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ ሙያው ስልክ ጥገና ነበር። ሰፈሩ የሚጠራው ብሎን እያለ ነው። ሲሠራ የፈታቸውን ብሎኖች እንዳይጠፉ በከንፈሩ ይይዛቸዋል፤ ሰው ሲያናግረው በአፍንጫው «እህ» ይላል፤ ሰውየውም እሺ ይባል እምቢ ሳይገባው ይሄዳል። አንድ በር ተኩል የምትሆነውን ሱቅ አብሮት የሚጋራው ጠጋኝ ደግሞ ሙጫ ይባላል። የተሰነጠቀ መስታወት አንስቶ አዲስ የሚለጥፍ እሱ ነው። የዛሬ ስልክ በሙጫ እንጂ በብሎን ስለማይዘጋ፣ ደንበኛው ሁሉ ወደ ሙጫ ጠረጴዛ ያደላ ነበር። ብሎን ግን ቅር ሲለው ታይቶ አይታወቅም። የሚቆጨው ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረውን ዕቃ ውስጡን አያውቀውም፣ ማወቅም አይፈቀድለትም እያለ ይብሰለሰላል።

«አንተ ብሎን፣ ሰው ስልኩ እንዲበራለት እንጂ ሆድ ዕቃውን እንድታሳየው አይመጣም» ይለዋል ሙጫ።

«የራሱ ሆድ ዕቃ አይደል? ቢያየው ምን አለበት?»

«አይቶ ምን ሊሆን? ሐኪም ሊሆን?»

«ሐኪሙን ሊመርጥ።»

ለእህቱ ያስረዳት በራሷ ሙያ ነበር። ገበያ ላይ ያለው ስልክ ስፌቱ የማይፈታ ልብስ ነው አላት። ቢጠብሽ አታሰፊውም፣ ቢረዝምሽ አታሳጥሪውም፤ ሰፊው ሲሰለቸው ጣይውና ሌላ ግዢ ይልሻል። ስልክን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ግን ልብሱን ከነቁርጡ፣ ከነልኩ የሚሰጥሽ ነው። የሚሠሩት በየአገሩ ተበታትነው ያሉ፣ አብዛኞቹ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ እጅጌውን ይሰፋል፣ ሌላው ቁልፉን ይተክላል፣ የተበላሸውን ያየ ሰው ደግሞ ይናገራል። ለኮምፒዩተር ከጀመሩት ቆይቷል፤ አሁን ለኪስ ስልክ እያሳጠሩት ነው።

«እና ልብሱ አልቋል?» አለችው።

«ክፈፉ ይቀራል።»

የቀረው ክፈፉ ብቻ አልነበረም። ከስምንት ወር በፊት የሰጣት ስልክ ይደውላል፣ መልእክት ይልካል፣ ባትሪው የሚነሳው በጥፍር ተከፍቶ ነው። ካሜራው ግን ነጩን ጨርቅ አረንጓዴ ያደርገዋል። ቻርጁ እስከ ምሳ ቢደርስ ነው። የባንኩ መተግበሪያ አይሠራበትም፤ ልብስ ሰፊዋ ወደ ቀድሞው ሰልፏ ተመለሰች። ከሁሉ የከፋው ግን እንቅልፉ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ይተኛል፤ ሰው ሲደውል እስኪነቃ ድረስ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ሶኬት ላይ ከሆነ አይተኛም።

ብሎን ይህን እንቅልፍ ለማከም አንድ ዓመት ሙሉ ለፍቷል። ያገኘውን መድኃኒት እህቱ ስልክ ላይ ጫነው።

«ለምን እኔ?» አለችው።

«እኔ ስይዘው ድክመቱን ስለማውቅ እሸሸዋለሁ። አንቺ ግን እንደ ሰው ትይዢዋለሽ። እታለም፣ ይሄ ነገር ለዕለት ኑሮ የሚሆን መሆኑን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ካልሆነ አልሆነም በይኝ።»

በየእሑዱ ይመጣል። ገና ሳይቀመጥ «ስንት ጥሪ አመለጠሽ?» ይላታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት አምልጧት ነበር። አንዷ ደንበኛ የልጇን የምረቃ ቀሚስ ላሳጥር ብላ ደውላ ደውላ በመጨረሻ በእግሯ መጥታ «ስልክ የያዝሽው ለጌጥ ነው እንዴ?» ብላታለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ከንፈሩ ላይ ብሎን ሳይኖር፣ ልክ በልጅነቱ የግድግዳውን ሰዓት ፈታትቶ መልሶ ገጥሞ «ይሠራል?» ብሎ እንደጠየቀ ዕለት እያያት ነበር። ያን ጊዜም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር፤ ያን ጊዜም ይሠራል ብላው ነበር።

«አንድም ጥሪ አላመለጠኝም» አለችው።

ሰው የሚወደውን አያሳፍርም ብላ ነው። አንድ ጊዜ ከተባለ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ማፍረስ ከበደ፤ በሚቀጥለው ወር ጭራሽ የማይሞከር ሆነ። ደንበኞቿን ወደ ክር ሻጯ ስልክ እንዲደውሉ ነገረቻቸው። ክር ሻጯ ሥራዋን ጥላ ግድግዳውን በቡጢ ትደበድባለች፦ «ያቺ ኮት ያሰፋችው ሴትዮ ናት፣ ሞትሽን ልንገራት ወይ ሕይወትሽን?» ብሎን ሲመጣ ግን ሁለቱም አፋቸውን ይዘጋሉ።

ከቀብሩ ወዲህ የልብስ ሰፊዋ መቀመጫ አልረጋ አለ። የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች፣ ጨርቅ ሳታጎርሰው ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ትነሳለች። ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ትላለች። ስልኩን ከእጇ አትለየውም፤ እንዳይተኛባት በየደቂቃው ቁልፉን ትጫነዋለች። የማንን ጥሪ እንደምትጠብቅ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ማወቅ እንዳለባት ብቻ ነው፦ ያን ጠዋት እሱ ራሱ ደውሎላት ነበር ወይ? ስልኩ የእሱን ቁጥር አላሳየም። ያመለጡ ጥሪዎች በሚለው ስር የክር ሻጯና የሆስፒታሉ ብቻ አሉ። ይህ ሊያሳርፋት ይገባ ነበር፤ አላሳረፋትም።

በአምስተኛው ቀን ወደ ሱቁ ሄደች። ሙጫ ብቻውን ነበር። የብሎን ወንበር ላይ ምንም አልተቀመጠበትም፤ ሱቁ ጠቦ ዕቃ እግር ስር ተከምሮ እንኳ ወንበሩ ባዶውን ነው።

«እትዬ፣ ግቢ። አትቁሚ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። ሲወድቅ አብረኸው ነበርክ?»

«ከደጅ ነበርኩ። ስገባ ግድግዳውን ተደግፏል። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው።»

«ማን ጋ ነበር የሚደውለው?»

የብሎን ስልክ ሲወድቅ ተሰብሯል፤ ባይሰበርም የይለፍ ቃሉን ከራሱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

«የኔን እየው» ብላ ስልኳን ዘረጋችለት። «እዚህ ላይ ቁጥሩ የለም። ግን እሱ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ ይሄ ስልክ የሚያደርገውን ሁሉ አንድ ቦታ ይጽፋል ብሎኛል።»

«ይጽፋል። ወሬኛ ስልክ ነው፤ ማስነጠስሽንም ይጽፋል።» ሙጫ ሊስቅ ከጀለና ተወው። «እትዬ፣ ባታዪው አይሻልም?»

«ክፈተው።»

ሙጫ ስልኩን በገመድ ከብሎን ኮምፒዩተር ጋር አገናኘው። ግድግዳው ላይ ብሎን በእጁ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት ነበር፤ ሙጫ ትእዛዞቹን ከሱ ላይ እያየ ፊደል በፊደል ገለበጣቸው። መስታወቱ ላይ መስመር በመስመር ላይ ተደራረበ። ልብስ ሰፊዋ ከቋንቋው አንድ ቃል አታውቅም። ቁጥር ግን ታውቃለች። የወንድሟን ቁጥር ከሙጫ ቀድማ አየችው።

«ይኸው» አለች፤ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

ሙጫ ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ። ጥሪ መጣ። ስልኩ መንቃት ጀመረ... ነቃ። ሃያ ስድስት ሰከንድ ፈጅቶበታል። ሲነቃ ጥሪው ተዘግቷል። ሳይነቃ ስለተዘጋ ካመለጡት ዝርዝር ውስጥ አልገባም።»

«ሌላስ?»

«ሦስት ከዘጠኝ። ያው ነው። ሦስት ከአሥራ ሁለት።» ጣቱን አንድ መስመር ወደ ታች አወረደ። «ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ነው። በሱቁ ስልክ የደወልኩት።»

ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ ኮሌታውን ለመተኮስ ስልኩን ነቅላው ነበር።

ሐኪሙ ሁሉ ነገር ያለቀው በደቂቃዎች ውስጥ እንደሆነ ነግሯታል። ከቤቷ እስከ ሱቁ ግማሽ ሰዓት ነው። ብታነሳው ልታድነው አትችልም ነበር፤ ይህን ታውቃለች፣ ሙጫም ያውቃል። ሊላት የነበረው ግን ምን እንደሆነ የሚጽፍ ወረቀት የለም።

«ወደ ኋላ ሂድ» አለችው። «ሌሎቹን ቁጠራቸው።»

«የትኞቹን?»

«ያመለጡትን።»

ሙጫ ቆጠረ። በሁለት ወር ብቻ ሠላሳ አራት ናቸው። እሷ ከነዚህ ውስጥ የምታውቀው አሥሩን ቢሆን ነው።

ሙጫ እጁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳ። «ይሄ አይሆንም። እሱ ችግሩ ተፈትቷል ብሎ ዘግቶታል እኮ።» ፈልጎ አገኘው፤ ብሎን በየአገሩ ላሉት ባልንጀሮቹ የጻፈው ነበር። ሙጫ ቀስ እያለ ወደ አማርኛ መለሰላት። «እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። በስልኩ በየቀኑ ትጠቀማለች። ከኔ ይልቅ እሷን አምናታለሁ፤ ነገር የማትሸፋፍን ሰው ናት። አንድም ጥሪ አላመለጣትም። ተፈትቷል።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ተቀመጠች፤ ባዶው ወንበር ላይ።

«ዋሸሁት» አለች። «ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ። ደስ ይበለው ብዬ።»

ሙጫ አይዞሽ አላላትም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመስታወት ስባሪ በጨርቅ ሰበሰበና «እኔ በየቀኑ እሰድበዋለሁ፣ አንቺ በየሳምንቱ ታመሰግኚዋለሽ» አለ። «ማናችንም አልጠቀምነውም። ሲሰደብ ይስቃል፣ ሲመሰገን ያምናል።»

«አሁን እነዚያ ሰዎች ምን ያውቃሉ?»

«መሞቱን ነግሬያቸዋለሁ። መልሰው ጽፈዋል።» አንዱን ገልጦ አነበበላት። አንዲት ሴት ናት፤ የምትኖርበትን አልጠቀሰችም። ወንድማችሁን አይቼው አላውቅም ትላለች፤ ነገር ግን የስልኩን እንቅልፍ ስላከመው ለብቻው ለሚኖረው ለአባቴ ይህንኑ ስልክ ሰጥቼዋለሁ። የድሮ ስልኩን አስጥዬዋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። ከሱቁ በር ወጣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች። መንገዱ ላይ አንድ ሰው እያወራ ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሀል ወትፎ አለፈ።

«ሰውየው ቢያመውስ?» አለች ስትመለስ።

«ማን?»

«አባትየው። ልጅቷ ስትደውልለት ስልኩ ቢተኛስ?»

«ልጻፍላቸው? ዝርዝሩን ልላከው። አሥር ደቂቃ ነው።»

«ምን ብለህ ትጽፋለህ?»

«አልተፈታም ብዬ።»

በዚያ ገጽ ላይ ከብሎን ስም ጎን ያለው ቃል «ተፈትቷል» ነው። ዓመት የለፋበት፣ እጁ አመድ አፋሽ ሆኖ ከኖረበት ሱቅ ውጭ ሰው ያመሰገነው በዚህች ቃል ነው። እሷ ሰጠችው፤ አሁን ደግሞ መቃብሩ ሳይደርቅ ልትነጥቀው ነው።

«አንተ አትጻፍ» አለችው። «አንተ ከጻፍክ የተሳሳተ እሱ ይመስላል። እኔ ልጻፈው፤ አንተ በነሱ ቋንቋ ትመልሰዋለህ።»

«መቼ?»

«ዛሬ።»

ያን ዕለት ከሰዓት የደረሰኝ ደብተሯን ገልብጣ በጀርባው ጀመረች። «እኔ እህቱ ነኝ» ብላ ጻፈች። «የነገርኩት ትክክል አልነበረም» ብላ ጻፈችና ሰረዘችው፤ «ዋሽቼዋለሁ» በሚል ተካችው። ከዚያ እሱ ሊላት የነበረውን ሳታውቅ እንዴት እንደምትቀጥል ጠፋት። ተነስታ ኮት ቆረጠች። በማግስቱ ሙጫ መጥቶ «እንዴት ሆነ?» ሲላት «እየጻፍኩ ነው» አለችው። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ አለችው። ሙጫ ያመናት ይመስላል፤ ወይም ፊቷን አይቶ ተዋት።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ። የሠላሳ አራቱ ጥሪ ዝርዝር ሙጫ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደብዳቤው ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሟል። ሽማግሌው አባት በስልኩ እየተጠቀመ ነው፤ ለልጁም የነገራት ሰው የለም።