ወፍ ጠባቂው ጓድ

ወረታ ውስጥ እንደ ጓደኛዬ ጨዋታ የሚያጣጥል ሰው አልነበረም። አባቱ መስጊዱ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ የኔ አባት ደግሞ ከከተማው ዳር ያለው ደብር ቄስ ነበሩ። የተዋወቅነው አስረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ስንለቀቅ ሱቁ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀምጠን ስለ ጨዋታ መጨቃጨቅ ሥራችን ሆነ። እኩዮቻችን ስለ አብዮት ይከራከሩ ነበር። እኛ ያ ክርክር ታላላቆቻችንን የት እንዳደረሳቸው ስላየን፣ ስለ ገበጣ የተጣላ ሰው አይታሰርም ብለን ገበጣን መረጥን።

እሱ አንድም ጨዋታ አይምርም ነበር። ስለ ገበጣ ሲጠየቅ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ "ይሄማ ሰፈራ ነው፤ ጠጠሩን ሳይጠይቁት ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ማጓጓዝ" ይላል። ሻይ ቤቱ ከባሕር ዳር ያስመጣው ጆተኒም አልተረፈም። "ግማሾቹ ተጫዋቾች እግር የላቸውም። በረኛው ጭንቅላቱ ወልቋል፤ ደህና የሚጫወተውም እሱ ብቻ ነው" አለ። እኔ ለገና ጨዋታ እሟገት ነበር። በገና ዱላ የተሸረፈ የፊት ጥርሴን በጣቱ ይጠቁምና፣ "ጠበቃው ራሱ ማስረጃ ይዞ መጣ" ብሎ ይስቅብኛል።

በዚህ መሃል አጎቱ ከጅዳ መጣ። ለሁሉም ሽቶና ሽርጥ ሲያድል ለጓደኛዬ መዳፍ የምታህል፣ ፊቷ መስተዋት የሆነች የኤሌክትሪክ ጨዋታ ሰጠው። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ባለች ትንሽ ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። መስተዋቱ ውስጥ ዱላ የያዘ ጥቁር ሰውዬ አለ፤ ከግራና ከቀኝ ወፍ ይመጣበታል፤ ቁልፍ ሲጫኑለት እየዞረ ያባርራል። ወፎቹ ሦስት ጊዜ አምልጠው አትክልቱን ከበሉ ማሽኗ እንደ ልቅሶ ያለ ዜማ ታሰማና ጨዋታው ያልቃል።

አንድ ሳምንት ያህል ሳያጣጥል ተጫወተ። ከዚያ ግን አመሉ ተመለሰ።

"ይሄን ለማየት ነው ቀይ ባሕር የተሻገረው?" አለኝ። "ቁሐር ሚካኤል ሩዝ ማሳ ብትሄድ ማማ ላይ አውጥተው ወንጭፍ ያስይዙሃል። ያለ ባትሪ ድንጋይ ስታባርር ትውላለህ፤ ምሳም አለው።"

አልዋሸም። ሩዝ ያኔ ለወረዳችን ለፎገራ አዲስ ነበር። እኛ እንዴት እንደሚበላ ገና ስንማር ወፉ ቀድሞን ወዶታል።

አንድ ቀን ማሽኗን ቤት ወስጄ ለአባቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ብዙ አዩ።

"ወፎቹ ያልቃሉ?" አሉኝ።

"አያልቁም አባ። እየፈጠኑ ነው የሚሄዱ።"

"ሰውዬውስ አትክልቱን ለቅሞ ቤቱ አይገባም?"

"አይገባም።"

"እንግዲያ ምኑ ጨዋታ ነው ልጄ፤ ቅጣት ነው እንጂ" ብለው ማሽኗን መለሱልኝ።

ወሬው ቀበሌ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ከሌላ አውራጃ ተመድቦ የመጣ፣ ካኪው እንደ ደረቀ ቆዳ የቆመ ሰው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአግዳሚያችን ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

"ከባሕር ማዶ መልእክት የሚቀበል መሣሪያ አላችሁ ተብሏል።"

"ጨዋታ ነው ጓድ" አለ ጓደኛዬ።

"ጨዋታ መሆኑን የሚወስነው የሚመለከተው አካል ነው።"

አካሉ ማሽኗን ኪሱ ከትቶ ሄደ። በማግስቱ ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። እኛ ለምርመራ መስሎን ገባን። እሱ ግን በሩን ዘጋና፣ "አሁን ይሄ ቁልፍ ምን ያደርጋል?" አለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓዱ አስተማሪዎች ሆንን። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ፈቃድ የምትጠይቅ እናት፣ የጉዞ ወረቀት የሚፈልግ ነጋዴ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ ጓድ ውስጥ ወፍ ያባርራል። የእውነቱን ለመናገር አጨዋወቱ ያሳፍር ነበር። ጣቱ አንድ ቁልፍ ላይ ብቻ ይቸከላል። ጓደኛዬ ምላሱን የሚችለው እስከተወሰነ ድረስ ነውና አንድ ቀን አመለጠው።

"ጓድ፣ እርስዎ እኮ ግራውን ብቻ ነው የሚያዩት። ቀኙ ጨረሰብዎ!"

ሰውዬው ቀና አለ። ማሽኗ የልቅሶ ዜማዋን አሰምታ ዝም አለች።

"ምን አልክ? ቀኝ?"

"ወፉን ነው ጓድ" አለ ጓደኛዬ። "በቀኝ በኩል የመጣውን ወፍ።"

ጓድ ሁለታችንንም በየተራ አየን። "በዚህ ቀበሌ ቀኝ የሚባል ነገር የለም" አለና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ፣ "ወዲያኛው" እያልን ነበር የምናስተምረው።

ነገሩ የተበላሸው በስብሰባ ነው። ስለ ሩዝ ምርት ለመነጋገር የዙሪያው ገበሬ ሁሉ፣ ከእኛ ከተማሪዎቹ ጋር፣ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። ጓድ መፈክር አስብሎ ሲያበቃ ቀይ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠና ሕዝቡ እንዲናገር ፈቀደ። ከቁሐር ሚካኤል የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ዝሩ ስላላችሁ ዘራን፤ ውሃውም አልከዳን፤ ግን ወፉ ፈጀን፤ መንግሥት መላ ይበለን ብለው በዝርዝር አስረዱ። ጓድ አቀርቅሯል። ማስታወሻ የሚይዝ ነበር የሚመስለው። ሽማግሌው፣ "ወፉ በልቶ ጨረሰው ጓድ!" ብለው ሳይጨርሱ፣ ከቀዩ ጨርቅ ሥር ያ የልቅሶ ዜማ ተሰማ።

ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

"ሰዓቴ ነው" አለ ጓድ።

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። "ኧረ ወዲያ! ወፉ ክሳችንን ሰምቶ እርስዎ ዘንድ ተሸሸገ እኮ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በመንግሥት ስብሰባ ላይ ሰው ሳይታዘዝ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጓደኛዬ የፊት ወንበር ላይ ነበር፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጓድም አየው።

በማግስቱ ማሽኗ ደረቀች። ቁልፏ ቢጫን፣ ብትናጥ፣ ሰውዬውም ወፎቹም የሉም። ጓድ ጓደኛዬን ከትምህርት ቤት አስጠርቶ፣ "ይሄ አሻጥር ነው! አበላሽተህ ነው የሰጠኸኝ!" አለና ማዳበሪያ የሚቀመጥበት የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት።

አባቱ ሄደው ለመኑ። አባቴም መስቀላቸውን ይዘው ሄደው ለመኑ። ካህንና የመስጊድ ጎረቤት በአንድ በር ላይ ቆመው ስለ ወፍ ማሽን ማሩን ሲሉ ማየት የሚያስቅ ነው፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም። እኔ የታየኝ ባትሪ ድንጋይዋ ናት። ማሽኗ አልተበላሸችም፤ ድንጋይዋ አልቃ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ደግሞ በከተማው የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በአጎትየው የጅዳ ሰዓት ውስጥ። አጎትየው ሰዓቱን ፈትቶ ሲሰጠኝ ክንዱን የቆረጡት ይመስል ነበር።

በጓድ ጠረጴዛ ላይ በቢላ ጫፍ ከፍቼ ድንጋይዋን ቀየርኩ። ማሽኗ ጮኸች፤ ሰውዬው ዱላውን ይዞ ብቅ አለ። የጓድ ፊት እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ወዲያው ጓደኛዬን አስወጣው።

"በነፃ ተለቀሃል" አለው፤ ዓይኑ ግን መስተዋቱ ላይ ነው። "ነገ መጥተህ ሁለተኛውን ደረጃ ታሳየኛለህ።"

ጓደኛዬ ልብሱ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል። ዝም ይላል ብዬ ነበር።

"ሁለተኛ ደረጃ የለውም ጓድ" አለው። "ያው ነው። ብቻ እየፈጠነ ይሄዳል።"

ወደ ቤት ስንሄድ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ገበሬ አብሮት ታስሮ እንደነበር ነገረኝ። ወለሉ ላይ በከሰል ዳማ ሥለው፣ በበቆሎ ፍሬ ሲጫወቱ ነበር የዋሉት።

"እንዴት ነበር ጨዋታው?" አልኩት፤ እንዲያጣጥልልኝ ፈልጌ።

"ልጁን ለውትድርና ወስደውበታል" አለኝ። "እየበላኝ ያለቅስ ነበር። ምን ልበልህ?"



ጓድ ብዙ አልቆየም። ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ሲሄድ ማሽኗን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሄደ፤ የሚመለከተው አካል ምርመራውን አልጨረሰም ነበር መሰለኝ። እኛም ተገላገልን ብለን ደስ አለን። ቂሎች ነበርን። የተተካው ሰው ምንም አይጫወትም። ቢሮው ማለዳ ይከፈታል፤ በስብሰባ ላይ አያቀረቅርም፤ ወጣቱን በዓይኑ ይመዝናል። በገበያ ቀን ሁለቱን የመንገድ ጫፍ አስዘግቶ የውትድርና አፈሳ ሲጀምር የክፍላችን ወንዶች እያነሱ ሄዱ።

የጓደኛዬ አባት ልጃቸውን አዲስ አበባ የሚኖሩ ወንድማቸው ዘንድ ሰደዱት። በእህል መኪና ላይ፣ በጆንያ መካከል ተቀብሮ ነው የሄደው። እኔንም አባቴ በዚያው ሳምንት ጣራ ገዳም ወስደው ለመነኮሳቱ አስረከቡኝ። ስንለያይ ጠዋት ነበር፤ ሾፌሩ ይቸኩላል። ቁም ነገር ልነግረው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ከጆንያው መሃል ጭንቅላቱን አውጥቶ ስለ መኪናው አቀማመጥ፣ ስለ ሾፌሩ ኮፍያ፣ እኔ ለስንቅ ስላመጣሁለት ዳቦ ድርቀት አንድ በአንድ ሲያጣጥል መኪናው ተነሣ። ዳቦውን እየገመጠ ነበር የሚሳደበው። ስቄ ሸኘሁት፤ መኪናው ታጥፎ ከተሰወረ በኋላ አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።