ተመስገን ካልን በኋላ

ከስብሰባ አዳራሽ ነው የወሰዱኝ። በወረዳው ፕላን ቢሮ እሠራ ነበር። የዓመቱ ሪፖርት ሲነበብ፣ የገብሱ ምርት አደገ፣ መንገዱ ረዘመ፣ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት በዛ እየተባለ ሲጨበጨብ እጄን አወጣሁና «ሰዉስ እንዴት ነው? እሱን የጠየቀ አለ?» አልኩ። ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ጉድ የሠራኝ ንግግሬ ሳይሆን ሳቁ ይመስለኛል። በሻይ ዕረፍት ሁለት ፖሊሶች መጡና «ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ሻዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።

ያሰሩኝ ክፍል የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ገና ስገባ የገብስ እብቅ አፍንጫዬን ሞላው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ጆንያ ወትፈውበታል። የጓሳ ተራራ ንፋስ ግን ለጆንያ መች ይመለሳል! መንዝ ተወልጄ ብርድ አውቃለሁ እል ነበር። ወይ ማወቅ!

ከበሩ ራቅ ባለው ጥግ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው፣ በላዩ የበግ ጠጉር ባና ደርበው ተቀምጠዋል። ቀየት ከሚባል ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው። የጓሳ ሣር ያለጊዜው አይታጨድም ብለው ከአንድ ሹም ጋር በመከራከራቸው ነው የገቡት። ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። ጠዋት ጠዋት የክፍሉን ሰው በተራ ሳይጠይቁ ዳቦ አያስቆርሱም።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ብርዱስ እንዴት አደረገህ?»

«ተመስገን ነው አባባ።»

ይህን የምንለው ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ነው። እንዲህ ነው ያደግነው። በእኛ አገር ሰው የሞተበት እንኳ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ከዚያ ነው የሚያለቅሰው። የልቡን የሚነግርህ ሰላምታው አልቆ፣ ትንሽ ቆይተህ፣ እንደገና ስትጠይቀው ነው።

አባባ ያስላሉ። ሲያስሉ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። አንድ ጠዋት የተፉትን በእግራቸው አፈር ሲያለብሱት አየሁ፤ ደም ነበረው። «ጤና ጣቢያ ይውሰዱዎት» ብላቸው «ዝም በል፣ ብርድ ነው» አሉኝ። ለጠባቂው ነገርኩት፤ እሱም ለአለቃው ነገረ። አለቃው «ሽማግሌ ሳያስል ምን ይሥራ?» አለ አሉ።

በማግስቱ አለቃው እኔኑ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት።

«ነገ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ። «የእስረኛውን ደህንነት ያጠናሉ። ሲጠይቁህ እንደ ሰው ሁሉ ተመስገን በልና ዝም በል። ከሰዓት ቤትህ ነህ። ዕዳው ገብስ ነው።»

እሁድ የልጄ ክርስትና ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ጠላው ተጠምቋል፣ በጉ ታስሯል፣ አባት ብቻ ነው የጎደለው። «እሺ» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት፤ ማታውን ለአባባም ነገርኳቸው።

እንግዶቹ ሲመጡ አለቃው በሩን ተደግፎ ቆመ። የምትጠይቀው አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ መልሱን በእጇ በያዘችው ታብሌት ትሞላለች። ከአባባ ጀመረች።

«አባቴ፣ እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አንቺስ ደህና ነሽ? መንገዱ እንዴት አደረገሽ? ብርዱስ?»

ፈገግ ብላ በጣቷ ነካ አደረገች። ደህና ናቸው ማለት ነው። ቀጣዩም ተመስገን፣ ከሱ የሚቀጥለውም ተመስገን። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ የሰማችውን ነው የመዘገበችው። እኛም አልዋሸንም። ግን በዚያ አያያዝ መጋዘኑ ውስጥ አንድም የከፋው ሰው ሊገኝ አልነበረም።

እኔ ጋ ደረሰች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። አለቃው ራሱን ነቀነቀልኝ። እሷም ልትወጣ ዞረች።

ያን ጊዜ አባባ ሳሉ። እንግዳ እንዳይሰማ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን አፍነው ነው የሳሉት። ያንን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

«እሱስ ይመስገን» አልኩ። «እኔ ግን ደህና አይደለሁም። እኚህ አባት ደም እየተፉ ምን ደህና አለ? እስቲ እባክዎ እንደገና ይጠይቋቸው።»

ሴትዮዋ ተመልሳ አባባ ፊት ቁጢጥ አለች። «አባቴ፣ እውነት ነው? ያምዎታል?» አባባ ጋቢውን ከአፋቸው አወረዱት። ነጩ ላይ ደሙ ይታይ ነበር። ወደ አለቃው ዞራ «ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው» አለችው። በእንግዳ ፊት እምቢ ማለት አልቻለም።

እኔ የጠበቅሁት ምርቃት ነበር። አባባ ግን በቁጣ ዞሩብኝ።

«አሳዳጊ የበደለህ! የልጅህ ክርስትናስ? ከሰዓት ትወጣ አልነበረም ወይ? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን አገባህ!»

ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያወጧቸው ባናቸውን ጉልበቴ ላይ ወረወሩት። ደህና ሁን አላሉኝም።

ከሰዓት የጠራኝ የለም። እሁድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ ባናውን ተከናንቤ አለቀስኩ። ምን ይደበቃል? ልጄን ማን ክርስትና እንዳነሳት፣ ስሟንም ማን እንዳሏት፣ ባለቤቴ ስንቅ ስታመጣ ነው በበሩ በኩል የነገረችኝ።

ከተፈታሁ ቆየሁ። ወደ ቢሮዬም ተመልሻለሁ። አሁን ከምርቱ ሌላ የሕዝቡን እርካታ ለኩ ተብለናል፤ ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን መንዜን ጠይቀህ ተመስገን ያላለህ ካለ ንገረኝ! እኔ መልሱን ከሞላሁ በኋላ አልሄድም። አጥሩን ተደግፌ ስለ በጉ፣ ስለ ውርጩ አወራለሁ፤ ከዚያ እንደገና እጠይቃለሁ። ሥራው ይጓተታል፤ አለቆቼም ያጉረመርማሉ።

በቀደም ሞላሌ ገበያ አባባን አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ሳሉ ግን ለቋቸዋል። ባናዎን ላምጣልዎ ብላቸው «ሌላ አሠርቻለሁ፤ እሱን ለልጅቷ አልብሳት» አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙ።

«እንዴት ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሰው ይገፋናል፣ በግ በመሃላችን ያልፋል፤ እጄን አልለቀቁም።

«እሱስ ይመስገን» አሉ። «አንተን ነው የጠየቅሁህ።»