የመምህር ተካ ሦስት እምቢታዎች

መምህር ተካ አልፈልግም ካለ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ባለቤቱ እማዋይሽ ጠንቅቃ ታውቃለች። «ወጥ ልጨምርልህ?» ብላ ጠይቃው አታውቅም። ብትጠይቀው «ኧረ በቃኝ» ይልና ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። ስለዚህ ዝም ብላ ትጨምራለች፤ እሱም «ምነው እማዋይሽ!» እያለ ሳህኑን ጥርግ ያደርጋል። ሲጋቡም እንዲሁ ነበር። ሽማግሌ ላክ ቢሉት «ለእሷ የምበቃ ሰው አይደለሁም» እያለ ሁለት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ የሰለቻቸው ወንድሞቹ ሳይነግሩት ላኩለት።

ከጎጃም ወደ ሚዛን ተፈሪ የመጣው በአስተማሪነት ተመድቦ ነው። ለሁለት ዓመት ብሎ ገባ፣ ጓሮው ቡናና ሙዝ ሞላ፣ ፀጉሩ እዚያው ሸበተ። መጀመሪያ ታሪክ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ሥነ ዜጋ ያስተምር ጀመር። በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ስለነበር ግዕዙን አልረሳም። ከግዕዙ ጋር ደግሞ ስለ ጥንት ግሪክ ሊቃውንት የሚያወራ፣ ሽፋኑም ደራሲውም የጠፉበት አንድ የተበጣጠሰ መጽሐፍ ነበረው። ከሁለቱ አንድ ነገር አጥብቆ ይዟል፤ ሥልጣን መሰጠት ያለበት ለማይፈልገው ነው። ግሪኮቹ ጠቢብ ሰው ካልተገደደ አይገዛም ይላሉ። የገዳም አባቶች ደግሞ ጵጵስና ሊሾሟቸው ሲመጡ ዋሻ ገብተው ይደበቁ ነበር። አቴናና ገዳሙ ከተስማሙ ሌላው ምን ብሎ ይከራከራል?

አንድ ተማሪ ግን ተከራክሮ ነበር። በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ፈተና ላይ «ማን ይግዛ? ምክንያትህን ጻፍ» ለሚለው ጥያቄ፣ ቲቶ የሚባል የቤንች ልጅ እንዲህ ብሎ መለሰ። «የሚፈልግ ሰው ይግዛ። የማይፈልግ ሰው ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ይገባል።» መምህር ተካ ዜሮ ሰጠው። ዜሮዋን በቀይ አድምቆ፣ ከሥሯም «አስብ!» ብሎ ጻፈበት።

ዓመታት አለፉ፣ ጡረታም ደረሰ። ተካ ለተማሪዎቹ ዘወትር ሲናገር፣ ሰው ብቻውን ሆኖ ደግ መሆን አይችልም፣ ለደግነት ቢያንስ አንድ ጎረቤት ያስፈልገዋል ይል ነበር። ታዲያ ዕድሜ ልኩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ መልካም ኑሮ ጽፎ እየደመሰሰ፣ እሱ ራሱ ከሰሌዳው ወርዶ የኖረው መቼ ነው? ይህ ሐሳብ ያስጨንቀው ጀመር። ልቡ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ መሆን። ዕድሩ ሁለት መቶ ቤተሰብ፣ ኦርቶዶክሱንም ፕሮቴስታንቱንም ይዟል። የራሱ ደንብ፣ የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ጡሩምባ አለው። አቴና ከዚህ በምን ትበልጣለች? ዝናቧ ካላነሰ በቀር በምንም።

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. አሮጌው ዳኛ አቶ ወልደአማኑኤል «ዓይኔ ደክሟል፣ ሰው ፈልጉ» አሉ። ተካ መላጫ መስታወቱ ፊት ቆሞ ተዘጋጀ። የእኛ ሰው ሦስት ጊዜ እምቢ ሳይል ወንበር ላይ አይቀመጥም። የመጀመሪያው እምቢታ «ለዚህ የምበቃ አይደለሁም» ነው። ሁለተኛው ትንሽ ላላ ይላል፤ «ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል።» ሦስተኛው እምቢታም አይደል፤ «እንግዲህ ካላችሁ፣ የእናንተ ፈቃድ ይሁን።» እማዋይሽ ከጓዳ ስትሰማው ቆይታ፣ «ሦስተኛውን መጀመሪያ ብትለውስ?» አለችው። እሱ ግን አልሰማትም።

እሑድ ከሰዓት ሕዝቡ በዕድሩ ግቢ ተሰበሰበ። ነጋዴዋ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ተነሥታ «ከመምህር ተካ ሌላ ማንን እንመርጣለን?» ስትል ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ተካ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ።

«ምስጋናዬ ብዙ ነው። ነገር ግን እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም። አልፈልግም» አለና እስኪለምኑት ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ጠበቀ።

ከወደ ኋላ እማማ ሣራ ተነሡ። የቤንች ተወላጅ፣ ጠንካራ የወንጌል አማኝ ናቸው። አምስት ልጆቻቸውን ተካ አስተምሯል፤ እንደ እሳቸው የሚያከብረውም የለም።

«መምህር ውሸት ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም» አሉ። «አልፈልግም ካሉ አይፈልጉም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አናስጨንቃቸው። ቃላቸው ይከበር!»

«እውነት ነው!» አለ ግማሹ ጉባኤ። የዓለምዘርፍ ልትለምን ብድግ ብላ ነበር፤ ግን የሰው ቃል አይከበር ብሎ ማን ይከራከራል? ተመልሳ ተቀመጠች። ተካ ሁለተኛውን እምቢታ ሊያወጣ አፉን ከፈተ። እምቢ የሚባል ነገር ግን አልቀረም።

«ታዲያ የሚፈልግ አለ?» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«እኔ እፈልጋለሁ» አለ አንድ ሰው እጁን ቀጥ አድርጎ አንሥቶ። ቲቶ ነበር። ያ ባለ ዜሮው ቲቶ፣ አሁን የሦስት ልጆች አባትና ሙዝ ነጋዴ። ሕዝቡ ሳቀ፣ ቀጥሎም አጨበጨበ። ተካም ይሉኝታ ይዞት እጁን አወጣለት።

ከዚያ ወዲያ ተካ አዘነ፣ አፈረ፣ ቀናም። ቅናት ትንሽ ሰው የሚይዘው በሽታ ነው ብሎ ራሱን ቢገሥጽም ቀና። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የቲቶን ውድቀት ይጠብቅ ጀመር። ቲቶ ግን እሺ ብሎ አልወድቅ አለው። ዶፍ ሲወርድ ድንኳን የሚተክለው እሱ፣ ጎርፉ ለቀስተኛ እግር ሥር እንዳይገባ ቦይ የሚቆፍረው እሱ፣ አግዳሚ የሚሸከመው እሱ ነው። ተካ ልቅሶ በሄደ ቁጥር እግሩ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል። ይህም ያናድደዋል።

በሐምሌ ግን ነገር መጣ። አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ ልጆቻቸው ፕሮቴስታንት ናቸው። ልጆቹ ድንኳን ውስጥ በጊታር እንዘምራለን ሲሉ የሟቹ ወንድሞች በሬሳችን ላይ አይዘፈንም ብለው ተቆጡ። ቲቶ ቸኩሎ ድንኳኑን መሐል ለመሐል በገመድ ከፈለው። አሁን ሁለቱም ወገኖች በእሱ ላይ ተነሡ።

ተካ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱንም ጠላው። ወዲያው ቲቶ ራሱ በኮባ ቅጠል ተጠልሎ፣ ያንን ገመድ በትከሻው እንዳንጠለጠለ በረንዳው ሥር ቆመ።

«መምህር፣ መሸከም አውቃለሁ» አለ። «መፍረድ ግን አልቻልኩበትም። እርስዎ ሁለቱንም ወገን ያስተማሩ ሰው ነዎት። ከጎኔ ይቀመጡልኛል?»

«እኔ...» አለ ተካ፤ የለመደው ቃል ምላሱ ላይ መጣ። «እኔ እንኳ ሥልጣን...»

«መፈለግ ነውር አይደለም መምህር። ሐዋርያው ሹመት የሚፈልገውን ሰው አልነቀፈም፤ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ነው የነገረው። ግን ካልፈለጉ አላስጨንቅዎትም።»

ተካ ያንን የሐዋርያውን መልእክት ከልጅነቱ ጀምሮ በግዕዝ በቃሉ ያውቀዋል። ስንት ጊዜ እንደደገመው እግዜር ይወቅ። መፈለግ የሚለው ቃል እዚያ እንዳለ ግን እስከዛሬ ልብ አላለም ነበር። ቀና ሲል ቲቶ ቅጠሉን ራሱ ላይ አስተካክሎ ለመሄድ ፊቱን አዙሯል። ይህ ሰው ሁለተኛ አይለምንም። አልፈልግም ካሉት አምኖ ይሄዳል።

«እፈልጋለሁ!» አለ ተካ። ድምፁ ከዝናቡ በላይ ወጣ።

እማዋይሽ ከጓዳ ብቅ አለች። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ቃል ከእሱ ሰምታ ስለማታውቅ ሌላ እንግዳ የመጣ መስሏት ነበር።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አላት ተካ፣ ጫማውን እያጠለቀ። ጋቢውንም ሳይደርብ ዝናቡ ውስጥ ገባ።