በጉ የገባበት ክርስትና

ባለፈው ወር ለልጅ ልጄ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድሁ። ልጄ ተቀበለኝና ወደ ቤቱ ይወስደኛል ስል ከአንድ ሰማይ ጠቀስ ሆቴል ደጃፍ አወረደኝ። ሆቴሉ ከትልቅ የገበያ አዳራሽ ጋር የተገጠመ ነው፤ ሞል ይሉታል። ከመኝታህ ተነሥተህ፣ ፀሐይ ሳይነካህ፣ በአንድ በር አልፈህ ጫማም ሽቶም ቴሌቪዥንም ትገዛለህ። «አባዬ፣ ቤቱ በእንግዳ ጠቧል፤ እዚህ ይመችሃል» አለኝ። ይመችሃል! ሰማንያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የሚመቸኝን ሰው ይነግረኛል። አንድ ወጣት አጎንብሶ እጅ ነሣኝ፣ ለስላሳ ወንበር አቀረበልኝ። እኔ ግን ገና ከመቀመጤ ደሜ ፈላ። የፈላው በልጄ ብቻ አይደለም። ከስልሳ ዓመት በላይ ሳልናገረው የኖርሁት አንድ የጎንደር ጉዳይ ነው ተነሥቶ የያዘኝ።

አባቴ ካሴ ይባላል፤ የአገሩ ሰው አያ ካሴ ይለዋል። ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ፣ ገብስና ባቄላ እንጂ ጤፍ በማያበቅል ብርዳም አገር አራሽ ነበር። ደሳለኝ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። አባታቸው ሲሞት ደሳለኝ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ስለ ነበር ያሳደገው አባቴ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደሳለኝ ጎንደር ወረደ፣ ተማረ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባ፣ ከትልቅ ቤት ሚስት አገባ። እንዲማር የሸኘውም አባቴ ነው፤ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ፣ ሁለት ክረምት በልመና በሬ አርሶ። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ደሳለኝ በሰው ላከብን፦ «ልጁን አምጣልኝ፤ ከቤቴ አስቀምጬ አስተምረዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአፌ አልዞር አለ። በእኛ መንደር ፊደል የቆጠረ የቄስ ልጅ ብቻ ነው። አራሽ ደብዳቤ ቢመጣለት ቄስ ፍለጋ ይዞራል፤ የገዛ ምሥጢሩን በሌላ ሰው አፍ ይሰማል። ስለ ከተማው ጫማና ስለ ከተማው ልጃገረድ አላሰብሁም። የፈለግሁት መማር ነው፤ ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

በጥር መጨረሻ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ተነሣን። አባቴ አንድ የበግ ሙክትና አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዟል። ከአምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና ተሳፈርን። መንገዱ ጣሊያን ያወጣው ነው፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ አቧራው ከጥርስ መሀል ይገባል። ሙክቱ ራሱን ጉልበቴ ላይ አስደግፎ መጣ። የጎንደር ቆርቆሮ ከሩቅ ብልጭ ሲል አባቴ «ያውና የአጎትህ አገር!» አለኝ። ያን ዕለት ከተማውን በሙሉ ለወንድሙ ሰጥቶት ነበር።

የአጎቴ ሹፌር ማኪናው ከሚቆምበት ይጠብቀን ነበር። በትንሽ ማኪና ጭኖ ፒያሳ ላይ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ፊት አወረደን። ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ባለ ፎቅ ነው፤ ከሥሩ ሱቆች ተደርድረዋል፣ ከፎቁም ወደ ሱቆቹ የሚያስገባ የውስጥ በር አለው። ከግንባሩ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። ለእኛ ግን ጽሕፈቱ ከግድግዳ ስንጥቅ አይለይም።

«የምታርፉት እዚህ ነው። አቶ ደሳለኝ ሥራ ይዟቸው ነው፤ ይመጣሉ» አለ ሹፌሩ።

«በጉንስ የት ልሰረው?» አለ አባቴ።

«በጉን እኔ እወስደዋለሁ። ቅቤውንም።»

በጉና ቅቤው በማኪና ሄዱ። አባቴ በጓሮ በር የሚያስገቧቸው መሰለው።

ሕንፃው የወንድሙ ቤት መስሎታል። እኔም መስሎኛል፤ አልዋሽም። የሚሸጥ ጠላ እናውቃለን፣ የነጋዴ ማደሪያም እናውቃለን። ይኸን የሚያህል ቤት፣ ይኸን ያህል አሽከር፣ የሚወጣ የሚገባ እንግዳ ግን በእኛ አገር የጌታ ቤት ምልክት ነው። የሻጭ ቤት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? አባቴ ከደፉ ላይ ቆመና መረቀ፦ «የአብርሃም ቤት ያድርገው! እንግዳ አይጥፋበት!» ዘበኛው «አሜን» አለ። እንግዳ የሚመዘግበውን ጸሐፊ አባቴ የወንድሙ አሽከር አድርጎት «እመቤቲቱ ደኅና ናት?» ብሎ ጠየቀው። ጸሐፊው ስለ ማን እንደሚጠየቅ ሳይገባው «ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ወደ መኝታችን ሲወስዱን አባቴ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን በሮች እያየ «ምነው ይኸ ሁሉ ጓዳ? ደሳለኝ ልክ እንደ አባታችን ነው፤ እንግዳ አይሰለቸውም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ምሳ ሰዓት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ገበታ ላይ አስቀመጡን። አባቴ ተነሥቶ ለአዳራሹ ሁሉ «እንብላ!» አለ። በዙሪያችን የተቀመጡት ሹማምንት ከሰሐናቸው ቀና አላሉም፤ አንድ ፈረንጅ ብቻ ራሱን ነቀነቀለት። አሳላፊው ፓስታ አመጣና የአባቴን ፊት አይቶ «አባባ፣ ሌላ ላምጣ?» አለ።

«ተው ልጄ። ወንድሜ ያቀረበውን ትል ቢመስልም እበላዋለሁ።»

በእጁ እየጠቀለለ በላው፤ አንዲት ክር አላስቀረም። አሳላፊዎቹ ከበሩ ኋላ በሳቅ ሲፈርሱ እሰማለሁ። የጌታቸውን ወንድም እንዴት ይስቁበታል ብዬ ተናደድሁ። ለአጎቴ እነግርባቸዋለሁ ብዬም ነበር።

ከምሳ በኋላ አባቴ ጋደም ሲል እኔ በውስጡ በር ወደ ሱቆቹ ወረድሁ። ጨርቅ፣ ጫማ፣ ራዲዮ፣ ሽቶ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። ከጫፍ አንድ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል። ጋቢዬን አይቶ «የየት ሰው ነህ?» አለኝ፤ እሱም የዳባት ሰው ነው።

«የወገራ። አጎቴ ዘንድ መጥተን ነው። ቤቱ ይኸው ነው» ብዬ በጣቴ ወደ ፎቁ አሳየሁት።

ልብስ ሰፊው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «አጎትህ ንጉሥ ነው እንዴ? ይኸ እኮ ሆቴል ነው። አልጋ ይከራያል፣ ምግብ ይሸጣል። ማን ይባላል አጎትህ?»

«አቶ ደሳለኝ።»

ሳቁን አቆመ። ከመኪናው ሥር ያለውን ነጭ ሐር ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ይኸ የማን ይመስልሃል? የሳቸው ልጅ ነገ ክርስትና ይነሣል። ከተማው ሁሉ ተጠርቷል። አልነገሯችሁም?» ብሎ ካየኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በል ወንድሜ፣ እኔ አላየሁህም፣ አንተም አልሰማኸኝም።»

በዚያ በር ተመልሼ ስወጣ ሁሉ ነገር ገባኝ። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፍራሹን በመዳፉ ይጫናል። «ሸጋ ነው! ደሳለኝስ ደልቶት ይኖራል» አለኝ። ልንገረው? ብነግረው ያን ጊዜውኑ እጄን ይዞ ወገራ ይመልሰኛል፤ ትምህርቱ ይቀራል። ዝም አልሁ። እንደ ቀላል አትዩት፤ ፊደል ለመቁጠር ብዬ አባቴን ለአሳላፊ ሳቅ ተውሁት።

ቅዳሜ ማታ ደሳለኝ ሳይመጣ ቢቀርም አባቴ «የመንግሥት ሥራ ጊዜ አይሰጥም» ብሎ ተኛ። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ አያ ጥጋቡን ይዞ መጣ። አያ ጥጋቡ ለከብት ገበያ የወረደ የመንደራችን ሰው ነው፤ ነገር ከአፉ የማይቆይ። አባቴ ከመንገድ ጀምሮ «ና ግባ፣ ከወንድሜ ቤት ሳትበላማ አትሄድም!» እያለ ይጎትተዋል። እኔ ከደጁ ቆሜ ነበር። ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እሳቸው አይገቡም።»

«ምነው? የአገሬ ሰው ነው፣ ምሳ ሊበላ ነው።»

«ለመብላት ከሆነ ይከፍላሉ።»

አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «በወንድሜ ቤት?»

«የምን ወንድም? ይኸ ሆቴል ነው አባባ! የተያዘው የእርስዎና የልጅዎ አልጋ ብቻ ነው።»

አያ ጥጋቡ በትሩን ተደግፎ ፎቁን ከላይ እስከ ታች አየው። «ምነው አያ ካሴ! ወንድሜ ቤት ብለህ ጠርተኸኝ ገበያ አመጣኸኝ? ገበያውንማ እኔም አውቀው ነበር» አለና ሄደ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ታውቅ ነበር?»

«ከትናንት ጀምሮ» አልሁት። ከዚያ የክርስትናውንም ነገር አወጣሁት። አባቴ «በጉስ?» አለ።

«ከዚያው ነው» አልሁት።

በጉ ለክርስትናው ተጠርቷል፤ እኛ አልተጠራንም። የወገራ ቅቤ ከትልልቆቹ ሰዎች ፊት ቀርቧል፤ የወገራ ሰው ግን ያሳፍራል።

አባቴ ያጎቴን ቤት ጠይቆ ሊሄድ ይችል ነበር። «ያልተጠራሁበት አልሄድም፤ ይምጣ» አለ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከሆቴሉ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። በእኛ ዘንድ ወንድሙ ባለበት አገር የሻጭ እንጀራ የሚበላ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው። አሳላፊው ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመነው፤ ሁለት ጊዜ መለሰው። እኔ ግን ወረድሁና በላሁ። ጣፈጠኝም።

ሰኞ ጧት አጎቴ ኮትና ክራባት አድርጎ መጣ። የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ ጉልበቱን ሰበሰበ።

«አያ፣ አትቆጣብኝ። በከተማው ካለው ሁሉ የተሻለውን ነው የያዝሁልህ።»

«ቤትህ ፈርሷል?»

«ኧረ አልፈረሰም። የሚስቴ ዘመዶች ትልልቅ ሰዎች ናቸው… ዘሬን ሲጠይቁኝ ባላባቶች ነን ብያለሁ።»

«ባላባቱ አባትህ የት አለ ሲሉህስ?»

«ሞቷል አልሁ።»

«እውነት ነው፣ ሞቷል። ታላቅ ወንድምህስ?»

አጎቴ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

«ለካ ያለ ነገር አይደለም እህል እንቢ ያለኝ» አለ አባቴ። «ሙት አይበላም።»

«አያ፣ ስለ እግዚአብሔር! ልጁን እንኳ ተውልኝ። እዚሁ ሆቴል ሥራ አስገባዋለሁ፤ ከሥራው ሲወጣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ቤት አይምጣ እንጂ…»

«የሙት ልጅ አጎት የለውም» አለ አባቴ። ወደ እኔ ሳይዞር «ተነሥ!» አለኝ።

ተነሣሁ። ከሁለቱ አንዳቸውም እኔን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እቀራለሁ እል ነበር፤ ሰሐን እያጠብሁ፣ የአጎቴን ደጅ ሳልረግጥ እማር ነበር። አንዱ ስለ ሚስቱ ዘመዶች ያስባል፣ ሌላው ስለ ክብሩ ያስባል፤ በመሀል የወደቀው በፊደል ሊበራ የነበረው የእኔ ዓይን ነው። በአጎቴ የተናደድሁትን ያህል በአባቴም ተናድጃለሁ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። «ልጅ ወላጁን አይወቅስም» የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። እነሱ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከገዛ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ሀ ሁ አላሉም።

አያ ጥጋቡ ወሬውን ከእኛ ቀድሞ መንደር አደረሰው። «እነ ባለ ሆቴል መጡ» ይሉን ነበር፤ ስሙ እኔን ሚስት እስካገባ ድረስ አልለቀቀኝም። አባቴ ግን ስለ ወንድሙ ሲጠይቁት «ደኅና ነው፤ ቤቱ ሰፊ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም። አባቴ ሲሞት አጎቴ ለቀብር መጣ። ከሁላችን በላይ አለቀሰ። እንዴት አያለቅስ? ወንድሙን ከቀበረ ቆይቷል፤ ልምዱ አለው።

ሆቴሉ ሳለሁ ልጄ ማታ ማታ እየደወለ «አባዬ፣ ምግቡ ተስማማህ?» ይለኝ ነበር። ተስማምቶኛል እለው ነበር። እበላም ነበር፤ የአባቴ ክብር የለኝም። የሠርጉ ዕለት ማኪና ልኮ አስወሰደኝ፣ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ፣ ከዚያም መልሶ ከሆቴሉ አስገባኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። አጎቴም ራሱን ክፉ ሰው ነኝ ብሎ አያውቅም።

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አንድ አስተማሪ «ፊደል የቆጠረ አይታለልም» ይለን ነበር። እውነቱን ነው። እኔ ገና ከማኪናው ሳልወርድ ወዴት እንዳመጡኝ ከደጁ ላይ አነበብሁ፤ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ የልጄ ቤት አልመሰለኝም። አባቴ አላነበበም። ስለዚህ ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ቀትር ሰፊ ቤት ያለው፣ እንግዳ የማይሰለቸው ወንድም ነበረው።