አንድ እጅ የሚያነሳው ክሪክ

ነቀምቴ ገበያ ክሪክ ልገዛ የወጣሁት ባለቤቴ እጁን ካጣ በኋላ ነው። መኪናችን ክሪክ አልነበራትም ማለቴ አይደለም፤ ነበራት። ከስኮርታው ጎማ ሥር ተኝቶ ዝጎ ነበር። በኛ በኩል ግን ትንሽ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ክሪክ የሚያወጣ ሰው ብዙም አይታይም። ጎማ ሲተነፍስ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ እጅጌውን ይጠቀልላል፣ መኪናዋን በጎኗ ይዞ ብድግ ያደርጋታል። ክሪክ ላውጣ ካላችሁ "ታዲያ እኛ ለምን ቆምን?" ይሏችኋል፤ ይቀየማሉም። እኔ ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ ሳየው እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ባለቤቴ የእንስሳት ሐኪም ነው። ያደገው አንገር ጉቲን፣ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩ ቤተሰቦች መሃል ነው፤ ቢሮ መቀመጥ አይወድም፣ ከከብት ጋር መዋል ነው የሚወደው። አደጋው የደረሰበት ቀን ዲጋ ወረዳ አንዲት ላም አዋልዶ ሲመለስ ጎማው ተነፈሰ። እንደተለመደው ሰዎች መጡና መኪናዋን አንስተው ያዙለት። እሱ ተንበርክኮ ስኮርታውን ሲያስገባ አንድ ሽማግሌ በመንገዱ መጡ። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲያልፍ ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ ሰላም ማለት ያስፈልጋል። ከያዙት አንዱ መኪናዋን ለቀቀና እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ሌላውም ተከተለው። የቀሩት ክብደቱን አልቻሉትም፤ መኪናዋ የባለቤቴን ግራ እጅ ይዛ ወረደች።

ማንን ልርገም? የለቀቁት ሰዎች ራሳቸው ናቸው መልሰው ያነሷት፣ እሱንም ተሸክመው ሆስፒታል ያደረሱት። ሽማግሌው ሆስፒታል መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ሲያለቅሱ ዋሉ። በጣም ተናድጄባቸው ነበር፤ ግን ምን ይባላሉ? ሰው አከበራቸው እንጂ እሳቸው አክብሩኝ አላሉ።

ቁስሉ ሲሽር መሥሪያ ቤቱ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጠው። እየከሳ ሄደ። መኪናዋ ማርሽ መቀየር የማትፈልግ አውቶማቲክ ስለሆነች በአንድ እጅ ትነዳለች፤ የቀረው የጎማው ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ "ብቻዬን ጎማ መቀየር ከቻልኩ ወደ ከብቶቼ እመለሳለሁ" አለኝ። "ካልቻልኩ ይቅርብኝ። ከእንግዲህ ሰው መኪና አይይዝልኝም።"

ያኔ ነው ገበያ የወጣሁት፤ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ባለሱቅ ጎልማሳ ሰው ነው። "አካም ጂርቱ፣ አዴ?" ብሎ፣ ወይዘሮ እንደምን አሉ ሲል፣ ተቀበለኝና እንደ መቀስ የሚከፈተውን ክሪክ አመጣ። እግሩ ጠባብ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ደግሞ አንዱ እጅ ሲያዞር ሌላው ደግፎ መያዝ አለበት። መለስኩለት። ቀጥሎ ጠርሙስ የሚመስለውን የዘይት ክሪክ አወጣ።

"ይሄ የጭነት መኪና ያነሳል፣ አዴ። የእርስዎማ ምን አላት?"

"ጎማዋ ተንፍሶ መሬት ስትነካ ይሄ ቁመት ከሥሯ ይገባል?"

በስንዝር ለካውና ወደ ጎን አደረገው። "ሂን ሴኑ፣ አይገባም" አለ።

ሦስተኛው ዝቅ ያለ፣ ሰፊ መቀመጫና ትናንሽ ጎማዎች ያሉት፣ እጀታው ረጅም ነው። ግራ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በቀኜ ብቻ የባለሱቁን የራሱን መኪና አነሳሁ።

"ማሎ አዴ፣ ምነው ሁለት እጅ እያለዎት?" ብሎ ሳቀብኝ።

ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ሳቁን ዋጠና ጓዳ ገብቶ ወፍራም ጣውላ ይዞ ወጣ። "አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ይሄን ከክሪኩ ሥር ያድርጉ" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሞከርነው። እኔ ቆሜ እንዳይ ብቻ ተፈቀደልኝ። የእጅ ፍሬኑን ያዘ፣ ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደገፈ፣ መፍቻውን በእግሩ እየረገጠ ብሎኖቹን አላላ። ጣውላውን አንጥፎ ክሪኩን አስገባና በአንድ እጁ እጀታውን ከፍ ዝቅ ያደርግ ጀመር። መኪናዋ ተነሳች። በትከሻው ገፍቶ ፈተናት፤ ንቅንቅ አላለችም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የድሮውን ጎማ አውጥቶ ስኮርታውን እያንከባለለ አመጣ። በጫማው ጫፍ ደግፎ ከፍ አደረገው። ከዚያ ማስገባት ብቻ ነበር የቀረው፤ እጁ ግን የመኪናዋ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። ክሪኩን አየ፣ እጁን አየ። እንደገና ሞከረ። ግንባሩ በላብ ተጠመቀ፣ ጎማው አምልጦት ተንከባለለ።

"እኔ ልያዝልህ" አልኩት።

"አትጠጊ" ብሎ ጮኸብኝ። በትዳራችን ጮኾብኝ አያውቅም።

ለሦስተኛ ጊዜ ተንበረከከ። ከዚያ ተነስቶ ሄደና ደጃፉ ላይ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ክሪኩ አንዲት ስንዝር እንኳ አልወረደም። ጎማውን እኔ አስገባሁት፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ መኪናዋን አወረድኳት፤ እያለቀስኩ ነበር።

ስጨርስ ሳያየኝ ተናገረ።

"ገዢ ፈልጊላት" አለ። "ግን ያለዚህ ክሪክ ለማንም እንዳትሸጫት።"